የቦልቴ ገመድ

ወላይታ ሶዶ
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢየሩሳሌም ኤርካሎ
ቤጂንግ

ኢየሩዬ፣

ብርዱ ለቀቀሽ ወይ? ባለፈው በስልኩ ምስል ላይ ከንፈርሽ ተሰነጣጥቆ ሳይ ቅቤ ልልክልሽ ፈልጌ ነበር። ኢሊያስ ግን "እትዬ ትርፌ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይጥሉብኛል፤ ወረቀት ብቻ ይስጡኝ" አለኝ። ቅቤው እዚሁ ቀረ፣ ወረቀቱ መጣልሽ። ኢሊያስን ታውቂዋለሽ፣ የባለሱቁ የጠሃ የወንድም ልጅ ነው። ከዒድ በኋላ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ጓንዡ ይሄዳል፤ እዚያ ሲደርስ በፖስታ እልክላታለሁ ብሎኛል።

እኔ ደህና ነኝ። በልጉ ዘግይቶም ቢሆን ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ ነው የሚታየው፤ ባጃጆቹም ከጭቃው ጋር መታገል ጀምረዋል። በአጥሩ ጥግ የተከልሽው አቮካዶ ዘንድሮ አበባ ያዘ። የጣራው ቆርቆሮ በምሥራቅ በኩል ያፈስሳል፣ ከሥሩ ባልዲ አድርጌለታለሁ። ጉልበቴም እንደ ጣራው ነው፣ ዝናብ ሲመጣ መኖሩን ያስታውሰኛል። ዛሬ እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ ይህን ደብዳቤ ሰው እየገባ እየወጣ ልጽፈው አልችልም።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ ነው። "እማ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ የአንድ ተራ ሰው አስተያየት እፈልጋለሁ። የዓለም የኃይል አሰላለፍ ሲለወጥ፣ የአገሮች ትብብር መልኩን ሲቀይር፣ ሶዶ ላይ ምን ተሰማ? በራስሽ አነጋገር ጻፊልኝ" ብለሽ ነው የላክሽልኝ። መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ፊደልን ከመዝሙር መጽሐፍና ከዱቄት ከረጢት ላይ ለለቀመች ሴት፣ ልጇ ከቤጂንግ አስተያየት ስትጠይቃት ትንሽ ነገር አይደለም። ቆይቼ ግን ተናደድኩ። "ተራ ሰው" ስላልሽኝ አይደለም፣ እሱስ ነኝ። የተናደድኩት ጥያቄሽ ሲደርሰኝ መልሱን በእጄ ይዤ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ስለነበር ነው።

እንደምታውቂው ጠሃ ያነበበውን ጋዜጣ ያስቀምጥልኛል። "ባለብዙ ዋልታ ዓለም" የሚለውን ካንቺ ጽሑፍ በፊት እዚያ ላይ አይቼዋለሁ። አንድ ትልቅ አገር ብቻውን ሲያዝ የኖረበት ዘመን እያለፈ ነው፣ አሁን ትልልቆቹ ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ እንደኛ ላለው ድሃ አገር ምርጫው ይሰፋለታል ይላል። ነገሩ ገብቶኛል። ያልገባኝ ምርጫው የሰፋው ለማን እንደሆነ ነው።

ጥር መጨረሻ ላይ አሜሪካ ለውጭ አገር የምትሰጠውን እርዳታ አቁማ እየመረመረች ነው የሚል ወሬ ወጣ። ጋዜጣውን ጠሃ ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እያነበብኩ ነበር።

"ዛሬ ምን ይላል፣ እትዬ?" አለኝ ጠሃ ስኳር እየመዘነ።

"እርዳታ ቆመ ይላል።"

"የኔማ ከቆመ ቆየ" አለ ነስረዲን። የጠሃ ሚስት ወንድም ነው፣ ሁልጊዜ የሳሙና ካርቶን ላይ ተጋድሞ ነው የምታገኚው። "እህቴን ከሰጠሁት ወዲህ ይሄ ሰውዬ አንድ ሻይ እንኳ አልጋበዘኝም።"

"የተጋደምክበት ካርቶን የማን ነው?" አለው ጠሃ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ተይው እትዬ፣ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። አባቴ ዕቃ የሚያመጣው ከመርካቶ ነበር። እኔ ዱባይ ሄድኩ። ኢሊያስ ጓንዡ ይሄዳል። የኢሊያስ ልጅ የት እንደሚሄድ አላህ ያውቃል። ሱቁ ግን ይኸው ነው።"

"ሱቅ ያለው ሰው እንደዚያ ይላል" አልኩት።

"የሌለውስ?"

"የሌለውማ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያለ ደጅ ደጁን ያያል።"

ነስረዲን ሳቀ። "እትዬ ትርፌ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ሆናለች" አለ። እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን ሳቅሁ፣ ኢየሩ። ቆመ የተባለው ነገር ከእኔ በጣም ሩቅ መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ሣራ መጣች። አብራሽ የተማረችው ሣራ፣ ቆላ ወርዳ ተበላ ከተማ ውስጥ ለከሱ ሕፃናት ምግብ በሚታደልበት ጣቢያ የምትሠራው። ደጃፉ ላይ ቆመች፣ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

"እማማ፣ አልቀመጥም። አንድ ነገር ልንገርዎትና ልሂድ።"

"ግቢ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?"

"መጋዘኑን ቆለፉት። ያ የለውዝ ቅቤ አለ አይደል፣ በትንንሽ ከረጢት የታሸገው፣ በየሳምንቱ ለእናቶች የምንሰጠው። ካርቶኑ እስከ ጣራ ተደርድሯል። ግን ምርመራው እስኪያልቅ አንዲት ከረጢት እንዳትወጣ የሚል ትዕዛዝ መጣ።"

"ካለ ለምን አይሰጥም?"

"የሰጪዎቹ ንብረት ነው፣ እማማ። ከነካሁት ሌባ እባላለሁ።" ነጠላዋን አስተካከለች። "የመጣሁት ግን ለዚህ አይደለም። ከልጆቹ አንዱ ቤኒ ይባላል። ገና ዓመት ከምናምኑ ነው። እናቱ ዓረብ አገር ሄዳለች፣ አያቱ ናት የምታሳድገው። ክንዱን በመለኪያው ጥብጣብ ስለካው አደጋ የሚለው ቀዩ ላይ ነው ያለው። አያቱ ቦልቴ ትባላለች። የጋሽ ኤርካሎ እህት አይደለችም?"

"ነች" አልኳት።

አክስትሽን አባትሽ ከተቀበረ ወዲህ አላየኋትም ነበር። ልጅ ሆነሽ "አክስቴ ቦልቴ ለምን እኛ ቤት አትመጣም?" እያልሽ ስትጠይቂኝ የተበላ መንገድ ሩቅ ነው እልሽ ነበር። ሩቅ አይደለም። ቁርስ በልተሽ ሚኒባስ ከተሳፈርሽ የበላሽው ሳይፈጭ ትደርሻለሽ።

በማግሥቱ ሄድኩ። ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሴቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። የለም ተብለዋል፣ ግን የዕደላ ቀናቸው ስለሆነ መጥተዋል። እኔም በመስኮቱ አየሁ። ካርቶኖቹ ይታያሉ፣ የሰጪው አገር ባንዲራ ታትሞባቸዋል፣ አንዳንዱ ገና ላስቲኩ አልተቀደደም። ዘበኛው መጥቶ "መስታወቱን አትደገፊው እናቴ፣ እኔንም ያባርሩኛል" አለኝ።

"ምን ትጠብቃላችሁ እዚህ?" ብዬ አንዷን ጠየቅኋት።

"በዓይናችን እያጎረስናቸው ነው" አለችኝ። አጠገቧ ያሉት ሳቁ። የሚያስቅ ሆኖ አልነበረም።

ቦልቴ ከሁሉም ራቅ ብላ አጥሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። ጸጉሯ ሸብቷል፣ ወገቧ ግን አሁንም ቀጥ ያለ ነው። ስታየኝ አልተነሣችም።

"የወንድሜ ሚስት" አለችኝ። ስሜን አልጠራችም። "ምን አመጣሽ?"

"ሣራ ነገረችኝ።"

"ሣራ ወሬ ታበዛለች።"

ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች። ጣቴን ሰጠሁት። ያዘው፣ ግን እንደ ሌላ ሕፃን ወደ አፉ አልጎተተውም። ያዘው ብቻ።

"ሐኪም አይቶታል?"

"አይቶታል። በሽታ የለበትም፣ ምግብ ነው የሚያስፈልገው አሉኝ። ምግብ እንደሚያስፈልገው እኔም አውቃለሁ።"

የያዝኩትን እንቁላልና የገብስ ዱቄት ሰጠኋት። ተቀበለችኝ፣ አመሰገነችኝም። ከዚያ የቤኒን እጅጌ ሰብስባ ክንዱን በሁለት ጣቷ ከበበችውና "የማቴዎስም ክንድ እንዲህ ነበር" አለች፣ እኔን ሳታይ።

ማቴዎስን አታስታውሺው ይሆናል። የአክስትሽ የመጨረሻ ልጅ ነው፣ በሚሌኒየሙ ዓመት፣ ያ ረሃብ የገባ ጊዜ ነው የሞተባት። አንቺ ያኔ ሰባት ዓመትሽ ነበር።

መሸብኝ ብዬ ተነሣሁ። ገና ቀትር ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላሳጥርልሽም፣ ምክንያቱም ለጽሑፍሽ የጠየቅሽኝ ይህንን ነው። ሶዶ ወዳለው የድርጅቱ ማስተባበሪያ ቢሮ ሄድኩ። እስክደርስ ድረስ የምናገረውን በልቤ ስደረድር ነበር። አስተባባሪው ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። የእሱ ጠረጴዛ ላይ ካርቶን ተቀምጧል፤ የልጆቹን ፎቶግራፍ ከግድግዳ እያወረደ ወደዚያ ይከታል።

"እናቴ፣ ጉዳዩ ከእኔ በላይ ነው። ከአለቃዬም፣ ከአለቃዬ አለቃም በላይ ነው" አለኝ።

"ታዲያ ማን ዘንድ ልሂድ?"

"እውነቱን ልንገርዎት? የሚሄዱበት ሰው ውቅያኖስ ማዶ ነው። እሱንም ከሥራው ሳያባርሩት አልቀሩም።" ፎቶውን በጋዜጣ ጠቀለለ። "የእኔም ደመወዝ ከዚህ ወር አያልፍም። ሦስተኛው ልጄ ገና መወለዱ ነው።"

የምቆጣው ሰው ፈልጌ ሄጄ ሰው አጽናንቼ ተመለስኩ።

ሌላ ቢሮ ደግሞ አለ፣ ስሙን አልጽፈውም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ነገም ስብሰባ ነው። በሦስተኛው ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ያዝኩት። ከአንድ ሩቅ አገር የመጡ እንግዶች ሊቀበል እየወጣ ነበር፣ ከረባቱን በእጁ ይዟል፣ አዲስ አጋሮች ናቸው አለኝ። "እነዚህ ምን ይሰጣሉ?" አልኩት። "እነዚህ አይሰጡም እናቴ፣ እነዚህ በጋራ ጥቅም ነው የሚሠሩት። መንገድ፣ መብራት፣ ፋብሪካ። የድሮው የምጽዋት ዘመን አለፈ" አለኝ። በትሕትና ነው የነገረኝ፣ ይቸኩልም ነበር።

የጋራ ጥቅም የሚለውን ቃል አንቺም ብዙ ቦታ ጽፈሽዋል። መጥፎ ቃል አይደለም። መንገድ እወዳለሁ፣ በመንገድ ነው ተበላ የደረስኩት። ግን ቤት መጥቼ አሰብኩ፤ ቤኒ ለማን ምን ይጠቅማል? ክንዱ በሁለት ጣት የሚከበብ ልጅ ለጋራ ጥቅም የሚያዋጣው ምን አለው? አንደኛው ሰጪ አኩርፎ በሩን ቆልፎ ሄደ። ሁለተኛው የሚያዋጣ ካልሆነ በስተቀር አያናግርም። በሁለቱ መካከል አንድ አያት አጥር ሥር ተቀምጣለች። ለጽሑፍሽ ይህን ውሰጂው።

የደወልሽው በዚያ ሰሞን ነው። ስለ መጋዘኑ ስነግርሽ አዘንሽ፣ አውቃለሁ ከልብሽ ነው። ከዚያ ግን እንዲህ አልሽኝ፤ "እማ፣ በረጅሙ ስታዪው ይሄ ለእኛ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ጥገኝነት ነበር። የራሳችንን ልጆች ራሳችን መመገብ አለብን። እኛን ማን ረዳን? አባዬ በአስተማሪ ደመወዝ፣ አንቺ በገዛ ላማችን ወተት አይደል ያሳደጋችሁኝ? በሰባት ዓመቴ ከያዘኝ ከዚያ ኩፍኝ ያስነሣችኝ ነጯ ላም ናት።"

ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ልክ አይደለሽም አላልኩም። የራሳችንን ልጆች ራሳችን እንመግብ ማለትሽ ልክ ነው። ልክ በመሆኑ ነው መስማት ያልቻልኩት። ሰዎቹን እየረገምኩ መተኛት ይቀለኝ ነበር።

አሁን ስለ ሃራ ልንገርሽ። ከተማ ስላደግሽ በስም እንጂ በወጉ አታውቂውም። ላም ያላት ሴት ላም ለሌላት ዘመድ ወይም ጎረቤት ላሟን ትሰጣለች። አርቢዋ ታበላለች፣ ታጠጣለች፣ ወተቱንና ፍጉን ትጠቀማለች፤ ላሟ ግን የባለቤቷ ናት። በእኛ ቤትና በአባትሽ ወገን ሥርዓቱ እንዲህ ነበር፤ ገመዱን የምታበጀው አርቢዋ ናት፣ ከእንሰት ቃጫ በገዛ እጇ ትገምዳለች። ባለቤቷ ላሜን ስትል የራሷን ገመድ ይዛ ትመጣለች። አርቢዋ የገመደችውን ገመድ ራሷ ፈትታ ታስቀራለች፤ መፍታቷ "ውሰጂ፣ ፈቅጃለሁ" ማለት ነው። ጡት ያልጣለ ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ ገመድ ፍቺ አይባልም። ልጁ አፉን ከእህል እስኪያላምድ ይጠበቃል።

ስለዚህ እነዚያን ትልልቅ አገሮች ላማችሁን ለምን ወሰዳችሁ አልላቸውም። የራሳቸው ናት። የምቆጣው በአወሳሰዳቸው ነው። አንድ ሰው እንኳ ደጃፉ ላይ ቆሞ እዚህ ቤት ጡት ያልጣለ አለ ወይ ብሎ አልጠየቀም። ይህን ሥርዓት ባያውቁ አይፈረድባቸውም፣ ባሕር ማዶ ናቸው። እኛ ዘንድ የማያውቀው ሰው የለም። እያወቀ የሚያደርግ ግን አለ።

እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጬ ወጥቼ ነበር። ባልዲውን ደፋሁት። ተመልሻለሁ።

አሁን የምነግርሽ ያናድድሽ ይሆናል። ዳለቻ የለችም። ስትመረቂ ወተቷን እንጠጣለን ያልሻት፣ ታኅሣሥ ላይ የወለደችው ላማችን፣ ተበላ ናት። ከነጥጃዋ ለአክስትሽ ሰጥቻታለሁ።

መጋቢት እንደገባ ነው የወሰድኳት። ከብት የሚነግደው ጎረቤታችን እሸቴ ሊያግዘኝ መጣ። ልንወጣ ስንል የናይለን ገመዷ ተበጥሶ አገኘነው። እሸቴ ቸኩሏል፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ቆላ መውረድ አለብን ይላል። ጓዳ ገባሁና ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የኖረውን የቃጫ ገመድ አወረድኩ። ያንን ገመድ ታውቂዋለሽ፣ ልጅ ሆነሽ ልትዘዪበት ስታወርጂው የተቆጣሁሽ ነው። አባትሽም በዚያ በኩል ሲያልፍ ያየዋል፣ አንድም ቀን ስለሱ ተናግሮ አያውቅም። ለምን እንዳልጣልኩት እኔም አላውቅም። በጥድፊያ አነሣሁት፣ ላሟ አንገት ላይ አሰርኩት፣ ወጣን።

እሸቴ መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርም ነበር። "እትዬ ትርፌ፣ ይቺን የመሰለች ላም ለቆላ? ሙቀቱ ወተቷን ያደርቀዋል።"

"ሣር አለ እዚያ።"

"ሣሩ እንኳ ለራሱ ውኃ የሚለምን ነው። ይልቅ ለኔ ሽጪልኝ፣ እኔ ለኢየሩ አክስት ፍየል እገዛላታለሁ።"

"ዝም ብለህ ንዳ።"

"መንዳቱንማ እነዳለሁ። ስታለቅሺ ግን አልሰማሽም።"

ቦልቴ ደጃፏ ላይ ጎደሬ እየላጠች ነበር። ላሟን አየች፣ ጥጃዋን አየች፣ እኔን አየችኝ። ቢላዋውን አላስቀመጠችም።

"ሃራ ነው?" አለችኝ።

መንገድ ላይ ያሰብኩት እንዲያ አልነበረም፣ ኢየሩ። ግን ላም ይዘሽ ሰው ደጅ ስትቆሚ ምላስሽ የለመደው አንድ ቃል ነው። "ሃራ ነው" አልኳት።

"ሃራ አልቀበልም" አለች። "ሃራ አንድ ጊዜ ተቀብያለሁ።"

እሸቴ የጥጃዋን እግር ሊመረምር ጎንበስ አለ። የጥጃዋ እግር ምንም አልሆነም።

ቦልቴ ተነሣች። ላሟን ልታባርር መስሎኝ ነበር፣ ግን ዓይኗ ገመዱ ላይ ነው። ቀረበችና ጫፉን በጣቶቿ አሸችው። ጫፉ ላይ እንዳይተረተር የታሰረ ጥቁር ጨርቅ አለ፣ አክስትሽ ስትገምድ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትቋጨው። ጨርቁ ነጥቷል፣ ቋጠሮው ግን አለ።

"ገመዴን መለስሽልኝ" አለች።

ቁጣ አልነበረውም አነጋገሯ። ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

"ማቴዎስን ታቅፌው ሳለ ነው ያቺን ነጭ ላም የጎተትሻት" አለች። "ገመዱን ልፈታልሽ ብል እንኳ አንድ እጄ ብቻ ነበር ነጻ። ፍቺም አላልሽኝ። ከነገመዷ ሄደች።"

እሸቴ ጥጃዋን ይዞ ወደ አጥሩ ራቀ።

"ላሟ ያንቺ ናት" አልኳት። "ጥጃዋም። ሃራ አይደለም፣ ተሳስቼ ነው። ማንም አይጠይቅሽም።"

"ለምን?"

"ለቤኒ።"

"ለቤኒ ብቻ?"

 ብዙ ያዘጋጀሁት ነገር ነበረ። እሷ ግን አልጠበቀችኝም። ዳለቻን ግንባሯን ዳሰሰቻት፣ ከዚያ ገመዱን ራሷ ፈታችው፣ ቀስ ብላ፣ ቋጠሮውን በጥርሷ ጭምር። ወደ ቤት ይዛው ገባች። ስትወጣ ሌላ ገመድ ይዛለች፣ አዲስ፣ ገና የቃጫ ሽታ ያለው። በሱ አሰረቻት።

"ግቢ፣ ትርፌ" አለችኝ። "ፀሐይ ላይ ቆመሽ አትዋዪ።"

ጎደሬ ቀቅላ ከዳጣ በርበሬ ጋር ሰጠችኝ። እሸቴ ሦስት ጊዜ አስጨመረ። እኔ አፌን በከፈትኩ ቁጥር "ብዪ፣ ይቀዘቅዛል" ትለኛለች። ይቅር አለችኝ ብዬ አልጽፍልሽም። እንድጠይቃትም አልፈቀደችልኝም።

እንግዲህ የቤኒ ነገር። ሣራ ወተት የዚያን የታሸገ ምግብ ቦታ አይተካም ትላለች፤ ከእንቁላሉ፣ ከገንፎው ጋር ነው፣ ደግሞም ካበጠ ወይም መብላት እንቢ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል አምጡት ብላናለች። ባለፈው ሳምንት ለክታው ጥብጣቡ ከቀዩ ወጥቶ ቢጫው ላይ ነው። ከቢጫው በኋላ አረንጓዴው አለ። ጣቴንም ስሰጠው ወደ አፉ ጎተተው።

መጋዘኑ ግን ዛሬም ተቆልፏል። በዕደላው ቀን ሴቶቹ አሁንም ይመጣሉ። ያቺ በዓይናችን እያጎረስናቸው ነው ያለችኝ ሴት ስታየኝ "የቦልቴ ዘመድ፣ ሌላ ላም የለሽም?" አለችኝ። ቀልድ ነበር፣ ሰዎቹም ሳቁ። እኔ ያለችኝ አንዲት ላም ነበረች። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ። ላም ሰጥቼ መጋዘን አልከፍትም። አንቺ እንደምትዪው ራሳችንን እንቻል ብንልም ዳለቻ አንድ ናት፣ ዛፉ ሥር ያሉት ብዙ ናቸው። የዓለም መንግሥታት የሚነጋገሩበት ቦታ ካለ፣ ማን ትልቅ ሆነ ማን ትንሽ ሆነ የሚለውን ጨርሰው ወደዚህ እስኪደርሱ ስንት ልጅ ይቆያቸዋል? መጽሐፍሽ ውስጥ መልሱ ካለ ጻፊልኝ። ፌዝ አይደለም፣ ጠይቄሽ ነው።

ለጽሑፍሽ የተቆለፈውን በር ውሰጂ። አስተባባሪው ፎቶውን የጠቀለለበትን ጋዜጣ፣ ያንን ከረባቱን በእጁ የያዘውንም ሰው ውሰጂ። ስለ ሃራም ጻፊ፣ መምህሮችሽ ይወዱት ይሆናል። የሰጡትን መልሰው ስለሚወስዱ ሰዎች ስትጽፊ ግን ሁሉም ባሕር ማዶ ያሉ አታስመስዪ። የእኛንም ሰው አንድ ጨምሪ። ስም መጥቀስ አያስፈልግም።

በገዛ ላማችን ወተት አደግሁ የሚለውን ደግሞ እባክሽ አትጻፊው። ላሟ የእኛ ነበረች፣ እሱ እውነት ነው። የወተቱን ነገር ስትመጪ አክስትሽን ጠይቂያት።

የአባትሽ አምላክ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። የምትበዪው አይጉደልብሽ፣ የምትሰጪውም አይጥፋሽ፤ ከሰጠሽ በኋላ ደግሞ እጅሽ ወደ ኋላ አይመለስ።

እናትሽ
ትርፌ

ያን ለከንፈርሽ ያልኩትን ቅቤ ለቤኒ ገንፎ ይሁን ብያለሁ። ሐሙስ ይዤለት እወርዳለሁ። መንገዱ ሩቅ አይደለም።